ለጎማ ጀልባ ስንት ፈረስ?

የጎማ ጀልባ ገዝቶ ሞተር የሚፈልግ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ስንት ፈረስ ይሁን?» ክብደቱ ስንት ነው የሚል የለም። እግሩ አጭር ነው ረጅም የሚል የለም። መለዋወጫው ባሕር ዳር ይገኛል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ከስንት አንዴ ነው። ሰው ሞተርን በፈረስ ጉልበት ብቻ ስለሚመርጥ ነው እኔ እስካሁን ሥራ ያልፈታሁት።

ወጣትነቴን ያሳለፍሁት ምፅዋ፣ ባሕር ኃይል ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ ጣና ዳር የጀልባ ሞተር መጠገን ሆኗል። እዚህ የማወራው ገዳማቱን ለማሳየት ቱሪስት ስለሚጭኑት ትልልቅ ጀልባዎች አይደለም። ሦስት ሜትር ገደማ ስለሆነችው፣ በፓምፕ ተነፍታ ውሃ ላይ ስለምትወርደው፣ ሥራ ሲያልቅ ተጣጥፋ ባጃጅ ላይ ስለምትጫነው ነው። ባሕር ላይ የዚች ጀልባ ሥራ መልህቅ ከጣለ መርከብ ወደ ወደብ ሰው ማመላለስ ነበር። ጣና ላይ ደግሞ የውሃ ናሙና ለሚወስዱ ተመራማሪዎች፣ ጉማሬና ወፍ ለሚያሳዩ ወጣቶች ትሆናለች።

እንዲህ ያለች ጀልባ ውሃውን እየገፋች ስትሄድ ፍጥነቷ በሰዓት ከ7 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። ስትሄድ ከፊቷ አንድ ሞገድ ከኋላዋ ሌላ ሞገድ ታስነሳለች፤ በሁለቱ መሀል ትቀረቀራለች። ለዚህ ፍጥነት ሁለት ፈረስ ተኩል ይበቃል። አምስት ቢገጠምላት አብዛኛው ትርፍ ጩኸትና ቤንዚን ነው። ከዚያ ለማምለጥ ከውሃው በላይ ወጥታ መንሸራተት አለባት፤ ለዚያ ደግሞ ሁለት ሰው ይዛ 8 ወይም 10 ፈረስ ትፈልጋለች፣ ወለሏም ጠንካራ መሆን አለበት። ስለዚህ የኔ ምክር ወይ ሁለት ተኩል ወይ አሥር ነው። መሀሉ ላይ ያለውን የሚገዛ ሰው ገንዘብ የተረፈው ነው። ከአሥር ሰዎች ለስምንቱ የምለው ደግሞ ሁለት ተኩሉን ነው፤ ሲሰሙኝ ፊታቸው ይጠቁራል።

ፋብሪካው የሚጽፈው ጉልበት ባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ሞተር ደግሞ ከፍታው በጨመረ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ምፅዋ ላይ 10 የነበረው እዚህ 8 ከምናምን ይሆናል። ምፅዋ ሙቀቱ ሰው ያቃጥላል እንጂ ሞተር አየር አይርበውም ነበር። ታዲያ ይህን ስነግራቸው «እንግዲያው ተለቅ ያለ እንግዛ» ይሉኛል። መፍትሔው እሱ አይደለም። ፕሮፔለሩን በአንድ ዙር ትንሽ ርቀት በሚገፋ፣ ማለትም ፒቹ በአንድ ኢንች ዝቅ ባለ መቀየር ነው፤ የታነቀው ሞተር ዙሩን መልሶ ያገኛል። ካርብራቶሩም ለከፍታው ይስተካከል። ከካርቶን ወጥቶ ሳይስተካከል የሠራ ሞተር ካንዴላው ሲፈታ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል፤ ቤንዚኑ የሚቃጠልበት አየር አንሶታል ማለት ነው።

ክብደትን እንዴት ሰው እንደሚረሳው አይገባኝም። የሁለት ተኩል ፈረስ ሞተር ከ13 እስከ 18 ኪሎ ነው፤ አንድ ሰው አንጠልጥሎ ይወርዳል። አሥር ፈረስ ባለ አራት ምት 40 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ 25 ፈረስ ሞተር አስመጣ። ጀልባዋ ሦስት ሜትር ከሠላሳ፣ የኋላ ሳንቃዋ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ከ15 ፈረስ በላይ አትጫን ይላል። ሰሌዳውን ማንም አላነበበውም። ከኋላ ያን ሁሉ ብረት ተሸክማ፣ ነጂው ብቻውን እጀታውን ይዞ ሲቀመጥ የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ሰማይ ይነሳል። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው የጣና ነፋስ በዚያ አፍንጫ ሥር ከገባ ወደ ኋላ ይገለብጣታል።

የዚያ ሞተር እግር ደግሞ ረጅም ነበር። የሞተር እግር ሁለት የተለመዱ ልኮች አሉት፤ አጭሩ 15 ኢንች፣ ረጅሙ 20 ኢንች። የጎማ ጀልባ ሳንቃ አብዛኛውን ጊዜ ለአጭሩ የተሠራ ነው። ረጅሙ ሲሰቀልበት አላግባብ ይጠልቃል፣ ውሃ ይጎትታል፣ ጥልቀት በሌለው የሐይቁ ዳር ደግሞ ጭቃውን ያርሳል። ሻጩን ምን ትላላችሁ? የተጠየቀውን አቅርቧል። ሰነዱ ላይ የተጻፈው ፈረስና ዋጋ ብቻ ነበር።

ጭቃ ካነሳሁ አይቀር፣ አብዛኞቹ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት የሐይቁን ውሃ በእግራቸው እየሳቡ ነው። ሲሠሩ ከጎናቸው ቀጭን ውሃ ይተፋሉ፤ እሷ ውሃ ከቆመች ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየው እምቦጭ ወዲህ የውሃ መሳቢያው ቀዳዳ በሥርና በቅጠል መደፈኑ የተለመደ ሆኗል፤ ፓምፑ ውስጥ ያለችው ላስቲክም ጭቃ ስትበላ ክንፎቿ ይላጣሉ። ለዚህ ነው እምቦጭ ወዳለበት ዳርቻ ለሚሄድ ሰው ሆንዳ ባለ 2.3 ፈረሱን የማነሳለት። በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ የውሃ ፓምፕ የሚባል ነገር የለውም። ጩኸቱ ግን ጆሮ ይበጥሳል።

ሌላው ጠላት የዓሣ መረብ ነው፤ ያ እንደ መስታወት የሚያሳልፈው የፕላስቲክ ክር። ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠምና ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ገብቶ የዘይት መከላከያ ጎማውን ይቆርጠዋል። ከወጣችሁ በኋላ ከታች ያለውን ቡሎን ፍቱና የማርሽ ዘይቱን ጠብ አድርጋችሁ እዩት። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። በዚያው ከሄዳችሁበት ማርሹ ይበላል፤ የማርሹ ዋጋ ደግሞ አዲስ ትንሽ ሞተር ከመግዛት ብዙም አይርቅም።

ባለ ሁለት ምት ይሻላል የሚሉ አሉ። ቀላል ነው፣ ፈቶ መግጠሙም አይከብድም፤ እኔም ያደግሁበት ነው። ነገር ግን 50 ሊትር ቤንዚን ላይ 1 ሊትር ዘይት ይደባለቅበታል፣ ከነዳጁም እስከ ሩቡ የሚሆነው ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዳር ዳሩ ያለው ሕዝብም ይጠጣዋል። ስለዚህ አራት ምት እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ባጃጅ ላይ ስታስተኙት ፋብሪካው በፈቀደው ጎን ይሁን፤ አለዚያ ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ይገባና በማግስቱ አይነሳም።

የኤሌክትሪኩስ? አንድ ኪሎ ዋት የሆነው ሞተር ለከፍታ ደንታ የለውም፤ ምፅዋም ሆነ ጣና ያው ነው። ባትሪው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚይዝ በሙሉ ጉልበት አንድ ሰዓት፣ በግማሽ ሁለት ሰዓት ይሠራል። ከባሕር ዳር ዳርቻ ሳይርቅ ወፍ ለሚያሳይ ሰው ድምፅ የለውምና እሱን የሚያህል የለም። ደቅ ደሴት እሄድበታለሁ ለሚል ግን አልመክርም።

ትንሽ ሞተር ስትገዙ ገንዘብ ይተርፋል። በተረፈው መጀመሪያ የሚገዛው ተንሳፋፊ ጃኬት ነው፣ ለያንዳንዱ ሰው። ሁለተኛ፣ ከሞተሩ ጋር የሚመጣውን ቀይ ገመድ ትርፍ ያዙ። ነጂው እጁ ላይ ያስረዋል፤ ከጀልባው ቢወድቅ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 እንግሊዝ አገር ፓድስቶው አጠገብ አንድ ቤተሰብ ከፈጣን ጀልባ ላይ ሁሉም ውሃ ውስጥ ወደቁ። ገመዱ ነጂው ላይ አልታሰረም ነበር። ሰው የሌለበት ጀልባ እየዞረ ተመልሶ መጣባቸው፤ አባትና የስምንት ዓመት ሴት ልጁ ሞቱ። እኛ ዘንድ ይህን ገመድ የቁልፍ መያዣ አድርጎ ኪሱ የሚከተውን ሰው ብዙ አውቃለሁ።

ጨረታ የምታዘጋጁ ሰዎች ደግሞ ሰነዱ ላይ የጀልባውን ሰሌዳ ቃል በቃል ገልብጡ። የእግሩን ልክ፣ የሞተሩን ክብደት፣ የፕሮፔለሩን ፒች ጻፉ። ትርፍ የፓምፕ ላስቲክ፣ ካንዴላና ፕሮፔለር አብሮ ይምጣ በሉ። ሁለት መቅዘፊያም ጨምሩበት፤ እሱን ግን ርካሹን አትግዙ፣ የፕላስቲኩ እጀታ በመጀመሪያው ነፋስ ይሰበራል።