ለትንሽ ባሕር ኃይል የምትነደፍ የጥበቃ መርከብ፦ አንድ አስተያየት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ያደገ ሰው ስለ መርከብ ልጻፍ ቢል ሰሚውን ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም። የጉና ተራራ ልጅ የሚያውቀው ውኃ ክረምት ሲገባ ሞልቶ መንገድ የሚቆርጠውን ዓባይንና በሽሎን ነው፤ ራቅ ካለም ጣናን። ሆኖም መንግሥት በ2010 ዓ.ም ባሕር ኃይልን እንደገና የማቋቋም ሐሳቡን ይፋ አድርጓል፤ በ2011 ዓ.ም ደግሞ በዚሁ ጉዳይ ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ከዚያ ወዲህ «ምን ዓይነት መርከብ?» የሚለው ጥያቄ የማንኛውም የምሕንድስና ተማሪ ጥያቄ ሆኗል። እንዲህ ያለው ምናባዊ ንድፍ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ የሚጀምረው ከመድፉና ከሚሳኤሉ ነው። ይህ ጸሐፊ አጀማመሩ ከተሳሳተው ጫፍ ነው ብሎ ያምናል።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ሴባስቶፖልን አሠርተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎም እ.ኤ.አ. በ1866 በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በቆራጣ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር የተገጠመላቸው ትላልቅ የደንገል ጀልባዎች አሠርተው እንደ ነበር ከምርኮኞቹ አንዱ የነበረው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። በእንፋሎት የሚሄደውን መርከብ በአገር ቁሳቁስ ለመተካት የተደረገ ሙከራ መሆኑ ነው፤ በአገራችን የመርከብ ንድፍ ታሪክ ተገቢውን ስፍራ አላገኘም። ሴባስቶፖል ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት በኩል መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል፤ በየቁልቁለቱና በየዳገቱ መንገድ እየተቆረጠለት ነበርና። የመድፉ ንድፍ በጋፋት ሲጠናቀቅ የመንገዱ ሥራ ገና አልተጀመረም ነበር።

የመርከብ መንገዷ ወደቧ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የተመሠረተው የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተረከባት «ኢትዮጵያ» የተባለችው ዋና መርከቡ ቀድሞ የባሕር አውሮፕላኖች ረዳት የነበረች፣ 95 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ነበረች። የዕለት ተዕለቱን ጥበቃ ያካሂዱ የነበሩት ግን 95 ጫማ ብቻ የነበሩት ትናንሽ ጀልባዎች ናቸው። በደርግ ዘመን የሶቪየት ሚሳኤል ተሸካሚ ጀልባዎችና ፍሪጌቶች ተጨመሩ። በየካቲት 1982 ዓ.ም ምጽዋ ተያዘች፤ በ1983 ዓ.ም መርከቦቹ ወደ የመንና ወደ ሌሎች ጎረቤት ወደቦች ተበተኑ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ በጅቡቲ የቀሩት ባልተከፈለ የወደብ ኪራይ ምክንያት ተይዘው ለጨረታ ቀረቡ። የመጨረሻዎቹን መርከቦች ያሳጣን የጠላት ጥይት አልነበረም፤ የኪራይ ዕዳ እንጂ። ስለዚህ የነዳፊው የመጀመሪያ ወረቀት ላይ ሊሰፍሩ የሚገባቸው የመትከያው ርዝመት፣ የውኃው ጥልቀት፣ የጥገናው ስፍራና የኪራዩ ውል ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ የመርከቧ ሥራ ምንድን ነው የሚለው ነው። በ2016 ዓ.ም የጸደይ ወራት በጅቡቲ ዳርቻ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሰጠሙ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም በየመን አብየን ዳርቻ ከ150 በላይ ሰዎች የጫነች ጀልባ ተገልብጣ ከ90 በላይ የሚሆኑት አለቁ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ባሕር አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር በሚያይበት ሌሊት የሚሞት ከሆነ፣ የዚህ አገር የጥበቃ መርከብ ቀዳሚ ተግባር ነፍስ ማዳን ነው ማለት የስሜት ንግግር አይደለም፤ ስሌቱን ከሥሩ የሚለውጥ የንድፍ ግዴታ ነው።

እንዴት ቢሉ፣ 150 ሰዎችን በአማካይ በ60 ኪሎ ብናስብ 90 ኩንታል ይሆናሉ። ይህ ሸክም የሚያርፈው በመርከቧ ሆድ ሳይሆን በላይኛው ወለል ላይ ነው፤ የስበት ማዕከሏን ከፍ ያደርጋል። የተረፉት ሁሉ ዘመድ ፍለጋ ወደ አንድ ጎን ሲሮጡ ደግሞ መርከቧ ታዘነብላለች። ስለዚህ ሚዛኗ ሊሰላ የሚገባው በዚያች ቀውጢ ሰዓት ነው። ከዚህም በላይ ወደ ውኃው ዝቅ ያለ የጎን መግቢያ፣ ከኋላ በኩል ተንሸራትታ የምትወርድ ፈጣን ጀልባ፣ ጥላ ያለው ሰፊ ወለልና የባሕር ውኃን ለመጠጥ የሚያጣራ መሣሪያ ያስፈልጋሉ።

ስለ ፍጥነት የሚነሣው ክርክር ብዙ ነው፤ ለእኔ ግን ሒሳቡ ይበቃል። በአንድ ዓይነት የመርከብ አካል ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው የሞተር ኃይል በግምት ስምንት እጥፍ ነው። ከኮንትሮባንዲስት ጋር እሽቅድምድሙን ትንሿ ጀልባ ትወጣዋለች፤ እናቲቱ 20 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ብትሄድ ይበቃታል። አካሏ ብረት ይሁን። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ብየዳው ግን ልዩ ሙያ ይጠይቃል፤ ብረት በያጅ በየከተማው አለ። ቀይ ባሕር በሞቃቱ ወራት ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ የሞተር ማቀዝቀዣው ለቀዝቃዛ ባሕር ከተሠራው ሰፋ ማለት አለበት። (ጣና ለመርከበኛ ልምምድ ይበጃል፤ ለሞተር ፍተሻ ግን አያስተማምንም፤ ውኃው ጨው የለውም፣ የአየሩም ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል።)

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለፓስፊክ ደሴት አገሮች የሰጠቻቸው የጋርዲያን ጀልባዎች 39.5 ሜትር ርዝመትና 20 ኖት ፍጥነት አላቸው፤ የሚያንቀሳቅሷቸውም 23 መርከበኞች ናቸው። ከጀልባዎቹ ጋር ሥልጠናና ጥገናም ተሰጥቷል። በኋላ ጉድለት ሲገኝባቸው የሚያርም አካል ስለ ነበር ወደብ ላይ ዝገው አልቀሩም። ለእኛ የኤደን ባሕረ ሰላጤ የክረምት ነፋስ ስለሚበረታ ወደ 50 ሜትር ከፍ ማለት ይገባ ይሆናል።

«ሚሳኤል በሚወነጨፍበት ቀይ ባሕር ላይ ቀላል መድፍና ጥቂት መትረየስ ይዞ መውጣት ሞኝነት ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን በ50 ሜትር መርከብ ላይ ጥቂት ሚሳኤሎች መጫን ያንን አደጋ አያስቀርም፤ የሚያስቀረው ለተረፉት ሰዎች የታሰበውን ወለል ነው። ቦታውም ሚዛኑም አንድ ነው፤ ለአንዱ የተሰጠ ከሌላው ይቀነሳል። ነዳፊው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነበት፣ እኔ በዚያ ወለል ላይ የውኃ በርሜልና ብርድ ልብስ ማስቀመጫ እስልበታለሁ።