ሊኑክስ የሚሸነፈው ፕሪንተር ላይ ነው



ሊኑክስን መጫን ከባድ ነው የሚለው ወቀሳ ጊዜው አልፎበታል። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአንድ ሲዲ የሚሞከርም የሚጫንም ሆኗል፤ ዛሬ ሲዲውን ፍላሽ ተክቶታል፤ ሃርድ ዲስኩ ሳይነካም ይሞከራል። በከተማችን በወረታ ነፃው ሲስተም የሚሸነፈው ተጭኖ ካለቀ በኋላ፣ ወረቀት አውጣ ሲባል ነው።

ምክንያቱ ድራይቨሩ የሚመጣበት መንገድ ነው። በሊኑክስ አብዛኛው ድራይቨር ከሲስተሙ እምብርት ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ስለዚህ ኪቦርዱ፣ ድምፁ፣ የኢንቴል ግራፊክሱ ምንም ሳይጫንላቸው ይሠራሉ። ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ የድራይቨር ሲዲ የተፈለገበትን ዘመን የሚያስታውስ ሁሉ ይህ ትልቅ እፎይታ መሆኑን አይክድም። የሚያስቸግረው አምራቹ አሠራሩን የደበቀው ዕቃ ነው። ብሮድኮም ለአዳዲስ የዋይፋይ ቺፖቹ ክፍት ድራይቨር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ በአንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖች ያለው ካርዱ ግን እስካሁን ለብቻው የሚጫን ድራይቨር ይፈልጋል። ያንን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ የሚገኘው በዚያው በማይሠራው ዋይፋይ ነው። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ስልክን በገመድ ሰክቶ የሞባይል ዳታ ማጋራት ነው፤ ለአንድሮይድ ስልክ ተጨማሪ ድራይቨር አያስፈልግም። ኔትወርክ በጠፋ ቀን ግን ይህም አይሠራም።

ፕሪንተር የባሰ ነው። ወደ ከተማችን ጽሕፈት ቤቶች የሚመጡት የሩዝ መፈልፈያ ባለቤቱም፣ ማመልከቻ የሚያስጽፈው የፎገራ ገበሬም በመጨረሻ የሚፈልጉት ወረቀት ነው። ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 የሚሠራበትን የውስጥ ፕሮግራም (ፈርምዌር) ይዞ አይቆይም፤ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ኮምፒውተሩ እንደገና ሊልክለት ይገባል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። በሊኑክስ ላይ ፈርምዌሩ ከኤችፒ ለብቻው የሚወርድ ተጨማሪ ነው፤ አንዴ ከተጫነ መላኩን ራሱ ይሠራዋል። ካኖን 2900 ደግሞ የኩባንያው የሊኑክስ ድራይቨር ለቆየው 32 ቢት የተሠራ በመሆኑ አዲስ ኡቡንቱ ላይ ትዕግሥት ይፈትናል። ጥፋቱ የሲስተሙ ሳይሆን የአምራቹ ነው፤ ደንበኛ ይዞ ለሚጠብቅ ጸሐፊ ግን ልዩነቱ ምንም አይጠቅመውም።

አማርኛ መጻፍ ራሱ አያስቸግርም፤ ኪቦርዱም ፊደሉም በነፃ ይገኛሉ። ችግር ያለው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፊደላት የተጻፈ የቆየ ሰነድ ሲከፈት ነው፤ ፊደሉ ማሽኑ ላይ ከሌለ ገጹ በላቲን ምልክት ይሞላል።

ጉዳዩ አሁን የሚነሣበት ምክንያት አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን አብዛኞቹን ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ሊኑክስ ሚንት በበኩሉ 4 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። ስለዚህ ለአሮጌ ማሽን ሊኑክስን ማሰብ ተገቢ ነው፤ ፍተሻው ግን ከመጫን ይቅደም። ሚንት ያለበት ፍላሽ ተሰክቶ፣ ሃርድ ዲስኩ ሳይነካ፣ ዋይፋዩ ይገናኝ፤ ከዚያም በዚያው ቢሮ ፕሪንተር አንድ ገጽ ይውጣ። አዲስ ፕሪንተር የሚገዛ መሥሪያ ቤትም በጨረታ ሰነዱ ላይ በሊኑክስ እንዲሠራ አንድ መስመር ቢጨምር ዋጋ አያስወጣውም። ያለው ፕሪንተር እምቢ ካለ ጽሑፉን በፒዲኤፍ አስቀምጦ በፍላሽ ወደ ዊንዶውሱ ማሽን መውሰድ ይቻላል፤ ፒዲኤፍ ፊደሉን ይዞ ስለሚሄድ አማርኛው አይበላሽም፤ መመላለሱ ግን ያሰለቻል።

አንድ አንባቢ፣ ከወረታ