ካርታና ጸሎት

«እግዚአብሔር ዓለሙን ሁሉ ይባርክ» ብሎ ቶሎ መተኛት ቀላል ነው፤ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ትልልቆችም እንዲህ ያደርጋሉ። ስለ ሩቅ ሕዝብ የሚጸልይ ግን አስቀድሞ ስለ እርሱ ይማር።

ዊልያም ኬሪ የሚባል እንግሊዛዊ ጫማ ሰፊ ወረቀት አጣብቆ የዓለምን ካርታ በእጁ ሣለ፤ በየአገሩም ላይ የሕዝቡን ቁጥርና ሃይማኖት ጻፈ። እነዚያንም ሕዝቦች በጸሎቱ ሳያነሣ አይቀርም ነበር። በ1793 እ.ኤ.አ. የባፕቲስት ማኅበር ወደ ህንድ ላከው። የመጀመሪያውን ህንዳዊ እስኪያጠምቅ ድረስ ሰባት ዓመት አለፈ።

በእነዚያ ዓመታት የሠራው እርሱ ብቻ ነውን? አይደለም። እኅቱ ሜሪ አምሳ ዓመት ያህል በአልጋ ላይ በደዌ ኖረች፤ ስለ እርሱም ትጸልይ ነበር። ከቀኝ እጅዋ በቀር አካልዋ አይታዘዝላትም፤ በዚያችው እጅ ወደ ህንድ ደብዳቤ ትጽፍለት ነበር።