ጣት የማይሸፍን የእጅ ልብስ

በጃፓን አገር የገበሬና የሠራተኛ ልብስ ከሆኑት አንዱ ቴኮ ይባላል። ቴኮ የእጅን ጀርባና አንጓውን ይሸፍናል፤ ጣቶችን ግን አይሸፍንም። ከጥጥ ጨርቅ ተቆርጦ ይሰፋል፤ ብዙ ጊዜም ከቅጠል በሚወጣ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ይነከራል። በጫፉ ትንሽ የክር ቀለበት አለችው። ቀለበቲቱ በመሀል ጣት ትገባለች፥ ጨርቁም ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ትይዘዋለች።

ሩዝ የሚተክሉ፥ ሻይ ቅጠል የሚለቅሙ፥ ሩቅ አገር የሚሄዱም ይለብሱት ነበር። በሺኮኩ ደሴት 88ቱን የቡድሃ መቅደሶች እየዞሩ ከሚሳለሙት መካከል ዛሬም ነጭ ቴኮ የሚያደርጉ አሉ።

ሻይ ለቃሚዋን ያየ ሰው የዚህን ልብስ ብልሃት ፈጥኖ ያስተውላል። ቅርንጫፉ የሚቧጭረው የእጅዋን ጀርባ ነው፤ ፀሐይም የሚያቃጥለው እርሱኑ ነው። ለጋውን ቅጠል ከሻካራው የሚለየው ግን የጣትዋ ጫፍ ነው። ስለዚህ ልብሱን ያሰበው ሰው የሚጎዳውን ሸፈነ፤ የሚሠራውን ተወ።

አሁን ይህን ልብስ አይተው በሱፍ ክር፥ በሹራብ መሥሪያ ዘንግ የሚሠሩት ሰዎች አሉ። የቀድሞው ቴኮ ሹራብ አልነበረም። ቢሆንም እንዲህ ማድረግ ነውር የለበትም። ሹራብ ስለሚለጠጥ ያለ ማሰሪያ እጅን ይይዛል። አጥብቆ የሠራው ሰው ብርድ የሚከለክል ልብስ ያገኛል፤ አላልቶ የሠራው ግን ጥቂት ቀን ቆይቶ እንደ ከረጢት ይንዘለዘልበታል።

የሚያስወቅሰው ሌላ ነው። አንዳንዱ ሠሪ ነጩን ጥልፍ በሰማያዊ ላይ አይቶ ጌጡን ብቻ ይወስዳል። ጌጡ ከወዴት መጣ? በሰሜን ጃፓን፥ ጹጋሩ በሚባል አውራጃ፥ ብርዱ ከባድ ስለ ሆነ ጥጥ አይበቅልም። በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1868 ዓ.ም. በቆየው የመሳፍንት ዘመን ደግሞ ገበሬው የጥጥ ልብስ እንዳይለብስ ተከልክሎ ነበር። ልብሱ እንደ ቃጫ ካለ ከተክል ልጥ ይሠራ ነበርና ነፋስ ያስገባ ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ የጨርቁን ፈትል እየቈጠሩ ቀዳዳውን በነጭ የጥጥ ክር ሞሉት። ይህም ጥልፍ ኮጊን ተባለ፤ ስፍራውም ብርድ በሚበረታበት በትከሻና በደረት ላይ ነበር። በሌላም ስፍራ አሮጌው ጨርቅ በአሮጌ ጨርቅ ላይ እየተደረበ ይሰፋ ነበር። ድሪቶ ነበር ማለት ነው፤ ነገር ግን እጅግ የተዋበ ድሪቶ።

እንግዲህ አንድ ሰው ያንን ጥልፍ በአንጓው ላይ ስሎ፥ የእጅን ጀርባ ግን ነፋስ እንዲያልፍበት አሳስቶ ቢሠራው፥ የእነዚያን እናቶች ሥራ ተከተለ ሊባል አይገባውም። ሊሸጠው ወጥቶም «የጥንት የጃፓን ሹራብ ነው» ቢል ሐሰት ተናገረ። ከገበሬ ቴኮ የተቀዳ አዲስ ሥራ ነው ቢል ግን እውነት ነው፤ ዋጋውም በዚህ አይቀንስም።

ሠሪው አስቀድሞ የሚለብሰው ሰው ምን እንደሚሠራ ይጠይቅ። ለጸሐፊ አውራ ጣቱ እስከ ሥሩ ይለቀቅ፤ ውኃ ለምትቀዳ መዳፍዋ ባዶ ይሁን፥ የራሰ ሱፍ ይከብዳልና። ሥራውን በፈጸመ ጊዜም እርሱ ራሱ በእጁ ያጥልቀውና ክር በመርፌ ቀዳዳ ያስገባ። ጣቱ ከታሰረበት፥ ሹራብ ነውና ፈትቶ እንደ ገና ይጀምር።