ከከሰል መንደሮች የልጅነት ትዝታ የሚገኝ ትምህርት

በብሪታንያ በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች፣ በድንጋይ ከሰል ማዕድን መንደሮች ያደጉ ሰዎች የልጅነታቸውን ነገር ሲያወሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከአባታቸው ነው። አባት ከመሬት በታች ውሎ፣ በከሰል ብናኝ ጠቁሮ፣ ከዓይኑ በቀር ምኑም ሳይለይ ወደ ቤት ይገባል። እናት ውኃ አሙቃ ከእሳቱ ዳር በቆርቆሮ ገንዳ ታቀርብለታለች። በየማዕድኑ በር የሠራተኞች መታጠቢያ ቤት እየተስፋፋ እስኪመጣ ድረስ የብዙው ቤተሰብ ኑሮ ይኸው ነበር።

ይህን የመሰለውን ትዝታ የናፍቆት ጨዋታ ብቻ አድርጎ ማለፍ አይገባም። ልጅ ያየው ነገር መንደሩ በምን እንደቆመና ለሀብቱ ማን ምን እንደከፈለ የሚያስረዳ ምስክርነት ነው። ስለ ገጠር ልማት የሚያስብ ሁሉ ሊያዳምጠው ይገባል።

በእነዚህ መንደሮች ያደገ ልጅ መረዳዳትን የተማረው ከሠፈሩ ነው። ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው እያዋጡ ቤተ መጻሕፍትና የመሰብሰቢያ አዳራሽ አሠርተዋል። በትሬዲጋር ከተማ የነበረው የሠራተኞች የሕክምና መረዳጃ ማኅበርም በዚሁ መዋጮ ለአባላቱና ለቤተሰቦቻቸው ሕክምና ያቀርብ ነበር። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1897 ከማዕድን ሠራተኛ ቤተሰብ ተወልዶ ገና በ13 ዓመቱ ወደ ማዕድን ሥራ የገባው አኑሪን ቤቫን፣ የጤና ሚኒስትር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1948 የብሪታንያን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲያቋቁም በትውልድ ከተማው ያየው ሥራ ምሳሌ ሆኖታል። በአንዲት ትንሽ ከተማ የተጀመረ መረዳጃ ለአገር መትረፉ የሚያስደንቅ ነው።

ትዝታው ግን መራራ ገጽም አለው። በአበርቫን መንደር ከጉድጓዱ የሚወጣው ትርፍ አፈርና ድንጋይ ከትምህርት ቤቱ በላይ በተራራው ላይ ይከመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 የተጀመረው ሰባተኛው ክምር ያረፈው ምንጭ በሚፈልቅበት ቦታ ላይ ነው። የአካባቢው ምክር ቤት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ አደጋው በደብዳቤ ቢያስጠነቅቅም ሰሚ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ጠዋት ክምሩ ተንዶ በትምህርት ቤቱና በአቅራቢያው ባሉት ቤቶች ላይ ወረደ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ከሞት የተረፉት ልጆች፣ ልጆቻቸውን የቀበሩ ጎረቤቶች እያዩ እንዳያዝኑ በማለት በደጅ መጫወት ትተው እንደነበር ካደጉ በኋላ ተናግረዋል።

አጣሪው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ሪፖርት ጥፋተኛ ያደረገው ብሔራዊውን የከሰል ቦርድ ነው። ይህም ሆኖ የቀሩትን ክምሮች ለማንሣት ከወጣው ወጪ 150,000 ፓውንድ የተወሰደው ለተጎጂዎች ከተዋጣው የእርዳታ ገንዘብ ነበር። ገንዘቡ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

ዛሬ በዌልስ ጉድጓዶቹ ከሞላ ጎደል ተዘግተዋል። ከሰሉም ትርፉም ሄዷል። ከ2,000 የሚበልጡ ክምሮች ግን ከየመንደሩ በላይ እንደቆሙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በታይለርስታውን ከባድ ዝናብ አንዱን ንዶታል።

በኢትዮጵያም በደቡብ ምዕራቡ የገጠር ክፍል የድንጋይ ከሰል እየተቆፈረ ነው። ሥራው ለአካባቢው ሕዝብ እንጀራ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከቶኑ ብዛት ጋር አብሮ መቆጠር ያለበት ሌላም ነገር አለ። ትርፍ አፈሩ የሚከመረው የት ነው? ውኃው በየት ይወርዳል? ከበታቹ ማን ይኖራል? ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው በዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ነውና፣ ቦታው ከመመረጡ በፊት ገበሬውና እናቶች ሊጠየቁ፣ ስጋታቸውም በጽሑፍ ተመዝግቦ መልስ ሊሰጠው ይገባል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። ዛሬ በማዕድኑ አጠገብ የሚጫወቱት ልጆች ነገ የሚያወሩት ትዝታ በአሁኑ ጥንቃቄ ይወሰናል።