ጥቁሩ ጫማ ሮም ይሂድ ወይስ ይቅር?

ሳሎናችን ወለል ላይ ስድስት ጥንድ ጫማ ከተደረደረ ሳምንት አለፈው። ሦስቱ የባለቤቴ፣ ሦስቱ የእኔ ናቸው። ሮም የምትኖረው ልጃችን ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቷል፤ ለክርስትናው ልንደርስ ነው። ቪዛው ተመቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል፣ በርበሬውና ሽሮው ተፈጭቶ ተቋጥሯል። ያልተስማማነው በጫማ ብቻ ነው።

ባለቤቴ የመረጠው ጥቁሩን የቆዳ ጫማ ነው። ለዚችው ልጅ ሠርግ የገዛው ሲሆን ከዚያ ወዲህ ቢበዛ ሦስት ጊዜ አድርጎታል። አፍንጫው ሹል ነው፣ ሶሉም ቆዳ ነው፣ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። «የመጀመሪያ የልጅ ልጄን ክርስትና በዚህ በግራጫ ሸራ ልቁም እንዴ?» ይላል። ልጃችንም በስልክ ታግዘዋለች። «እማዬ፣ ግራጫውን እንዳታመጡት፤ እዚህ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጫማ ነው» ትለኛለች። ስለ ጣሊያኖች የምትለው እውነት ሳይሆን አይቀርም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጫማው ውስጥ የሚገባው እግር ነው። ባለቤቴ ስኳር ከያዘው 14 ዓመት ሆኖታል።

ስለ ታላቅ እህቴ ጫማ በዚህ አምድ ጽፌ አላውቅም። በዚህ ሰሞን ከአንዳንዶቻችሁ ቤትም እንደኛው ሻንጣ ተከፍቶ እንደሚሆን ስለማውቅ ዛሬ ልጻፈው።

እህቴም ስኳር ነበረባት። ጀርመን ወዳለው ልጇ ስትሄድ «ልጄን እንዳላሳፍር» ብላ፣ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት አዲስ ባለታኮ ጫማ ገዛች። ባረፈች በሦስተኛው ቀን ልጇ ከተማውን ሊያሳያት ይዟት ወጣ፤ ሲዞሩ ዋሉ። ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ ትንሿ ጣቷ ላይ ውሃ ቋጥሯል። «ምንም አላመመኝም» ብላ ተኛች፤ በማግስቱም ያንኑ ጫማ አደረገች። ሲፈነዳም፣ ሲመግልም ዝም አለች። ልጇ ሥራ እንዳይቀርበት፣ ወጪም እንዳይበዛበት ነበር ሐሳቧ። እሱ ያወቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ ልብስ ሲያጥብ ካልሲዋ ላይ እድፍ አይቶ ነው። ሐኪም ቤት ስትደርስ ጣቷ ጠቁሯል። ቆረጡት።

ሻንጣዋን አብሬያት ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ነርስ ሆኜ የሠራሁት እኔ ጫማውን ከካርቶኑ አውጥቼ አየሁና «ያምራል» አልኳት።

ለምን አላመማትም? ስኳር በደም ውስጥ ለረጅም ዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቮች ይጎዳል። መጀመሪያ ላይ እግር ይነዝራል፣ ሌሊት ሌሊት ያቃጥላል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይደነዝዛል፤ በሽተኛውም «ተሻለኝ» ይላል። ጠጠር ገብቶ ሲወጋ፣ ስፌት ሲሞርድ፣ ጫማ ሲጠብ አይሰማውም። የደም ሥሮቹም ስለሚጠቡ የተላጠው ቶሎ አይድንም። እኛ ጤነኞቹ ጫማ ሲቆነጥጠን እናነክሳለን፣ እናወልቀዋለን። የደነዘዘ እግር ያለው ሰው ግን ሳያነክስ ቀኑን ሙሉ ሲሄድበት ይውላል።

የባለቤቴን እግር ለመፈተን ብዙ መሣሪያ አላስፈለገኝም። ክሊኒክ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ የናይለን ክር አለ፤ 10 ግራም ያህል ሲያርፍበት የሚጎብጥ ነው። ቤት ውስጥ ግን የራሳችሁ ጣት ይበቃል። በሽተኛው ይጋደምና ዓይኑን ይጨፍን። በሁለቱም እግሮቹ የአውራ ጣቱን፣ የመካከለኛውንና የትንሿን ጣት ጫፍ በጠቋሚ ጣታችሁ በስሱ ንኩ፤ ሳትጫኑ፣ ሳትኮረኩሩ፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ። ሲሰማው የቀኝ ወይም የግራ እያለ ይናገር። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማው፣ ከጉዞው በፊት ሐኪም ያየው ዘንድ ግድ ነው። ባለቤቴ ሁለቱን ትንንሽ ጣቶቹን አልመለሰልኝም። «መች ነካሽኝና?» ብሎ ተቆጣ።

የነርስነት ሥራዬን ስጀምር የተመደብኩት ምሥራቅ ጎጃም ነበር። እዚያ የምንሰብከው ስለ ጫማ ምርጫ ሳይሆን ጫማ ስለማድረግ ብቻ ነበር። በቀዩ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚያርሱ ሰዎች እግራቸው እያበጠ ዝሆኔ ይሆናል፤ ሰው እርግማን ወይም ድግምት ይለዋል። ነገሩ ከአፈሩ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በቆዳ ገብተው የሚያመጡት ነው። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ኮንጎ ጫማ ለገበሬው እንደ መድኃኒት ነበር ብል አላጋነንኩም። እንግዲህ ያኔ «ጫማ አድርጉ» እያልኩ ስለምን ኖሬ፣ ዛሬ ቤቴ ውስጥ «ይህን ጫማ አታድርግ» እያልኩ እጨቃጨቃለሁ።

ባለቤቴ ስፖርት ወዳድ ስለሆነ በነርስ ቋንቋ ያልገባውን በአበበ ቢቂላ ሞከርኩት። ለሮም ጉዞ በጫማ የተቸገርን የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን እኛ አይደለንማ! አበበ ለ1952ቱ ኦሊምፒክ ሮም ሲደርስ ያገኘው አዲስ ጫማ ለእግሩ አልተስማማውም። ውድድሩ የዋለው ጳጉሜን 5 ቀን፣ በዘመን መለወጫችን ዋዜማ ነው። ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጠ፤ ያኔ ሮም ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፎ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገብቷል፤ ታሪኩ ግን እዚያው ሮም ጎዳና ላይ አለ። በ1957 ቶኪዮ ላይ ደግሞ ያው ሰው፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ አንድ ወር ገደማ እንደሆነው፣ በጫማ ሮጦ በድጋሚ አሸነፈ። የሚስማማውን አገኘና አደረገ። ሮም ላይ ያልተስማማውን ለወግ ሲል ቢያደርገው ኖሮ ዛሬ ስሙን እንጠራው ነበር?

«አበበ ስኳር አልነበረበትም» አለኝ ባለቤቴ። እውነቱን ነው። የስኳር በሽተኛ በባዶ እግሩ ከሳሎን እስከ ጓዳ እንኳ ባይሄድ ይሻላል።

ስለዚህ ተደራደርን። ጥቁሩ ጫማ በጉዞው ቀን ሳይሆን እዚሁ ሰፈር ይፈተን ተባለ። በመጀመሪያው ጠዋት አድርጎት ከቤታችን እስከ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ተመለሰ። ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ካልሲውን አስወልቄ አየሁ፤ ሰላም ነው። በሁለተኛው ቀን ወደ ካዛንቺስ አቅጣጫ ወረድ ብሎ አንድ ሰዓት ሄደ። (ጫማችንን ለዓመታት የሰፋልን ሰው ካዛንቺስ ነበር፤ በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ እሱም የት እንደገባ አላወቅንም። እሱ ቢኖር ኖሮ ጫማውን አንዴ አይቶ ፍርዱን ይሰጠን ነበር።) ማታ መነጽሬን አድርጌ፣ የፊት መስታወቴን ከውስጥ እግሩ ሥር ይዤ ሳይ በቀኝ ትንሿ ጣቱ ጎን የአተር ፍሬ የምታህል ቀይ ነገር አገኘሁ። ስጫናት መቅላቷ አልጠፋም።

«እዚህ ጋ አላመመህም?»

«ምንም አላመመኝም» አለ።

የእህቴ ቃል ነው። ስልኬን አነሳሁና ለልጃችን ሁሉንም ነገርኳት፤ የአክስቷን ጣት ጭምር። እስከዚያ ቀን «በአደጋ ነው» ብለናት ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ግራጫውን ይዞ ይምጣ፣ እኔ ራሴ አጥብለታለሁ» አለች።

እናንተም ለጉዞ ጫማ የምትገዙ ከሆነ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሙ። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ እግር ቀኑን ሲቆም ውሎ ስለሚያብጥ የጠዋት ልክ ያታልላል። ቆማችሁ ለኩት፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ቦታ ይቅር። ሁለቱ እግሮቻችን እኩል ስላልሆኑ ለትልቁ ግዙ። «ሲለበስ ይሰፋል» የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ እሱ ራሱ ያስፋው። ቁጥሩ ግራ አያጋባችሁም፤ እዚህ 42 ያለው አውሮፓም 42 ይባላል፤ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ከቁጥሩ ይልቅ እግራችሁን እመኑ። ከልጆቻችሁ በሰው የተላከ ጫማም ቢሆን በዚሁ መንገድ ይፈተን። ስጦታ ነው ብሎ እግር አይምርም።

ለአውሮፕላኑ የምታደርጉት በክር ወይም በሚለጠፍ ማሰሪያ የሚላላውን ነው። ከቦሌ ሮም ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ እግር ተንጠልጥሎ ያብጣል፤ ጠባብ ጫማ ካወለቁት በኋላ አልገባ ይላል። ቁርጭምጭሚታችሁን እያዞሩ መቆየት፣ አልፎ አልፎ ተነስቶ በመተላለፊያው መንቀሳቀስ ደም እግር ላይ እንዳይረጋ ይረዳል። ቦሌ ፍተሻው ላይ ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲያችሁ ያልተቀደደ ይሁን፤ ይህንንስ ለክብራችሁ ስል ነው። ሁለተኛውን ጫማና መድኃኒቱን በእጅ ሻንጣ ያዙ። ኢንሱሊን የምትወስዱ በጭራሽ ከታች ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አትላኩት፤ እዚያ በብርድ ከቀዘቀዘ አይሠራም።

የቆዳ ሶል ለዝናብ አገር አይሆንም። የሮም አሮጌ መንገዶች በትንንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፉ ናቸው፤ በየመካከላቸው ክፍተት አለ፤ ኅዳር ደግሞ እዚያ ዝናብ የሚበዛበት ወር ነው። ቀጭን ታኮ ይገባበታል፣ ልሙጥ ሶል ያንሸራትታል። ልጆቻችሁ ስዊድን ወይም ኖርዌይ ከሆኑና በክረምት የምትሄዱ ከሆነ ከዚህ የበረዶ ጫማ ፍለጋ አትድከሙ፤ እዚያው ይግዙላችሁ፣ ግን አብራችሁ ሄዳችሁ በእግራችሁ ለክታችሁ። ስዊድኖች ደግሞ ቤት ሲገቡ በር ላይ ጫማ ያወልቃሉ፤ ተረከዙ የተዘጋ የቤት ጫማ ከዚህ ያዙ፤ ነጠላ ጫማ ደረጃ ላይ ይጥላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስኳር ያለባችሁ እግራችሁ ሲበርዳችሁ ግድግዳው ላይ ካለው ማሞቂያ አታስጠጉት፣ የሙቅ ውሃ ጎማም አትታቀፉበት። የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይናገርም። ወፍራም ካልሲ አድርጉ።

ባለቤቴ አሁንም ስለ ጥቁሩ ጫማ አንድ ክርክር ቀርቶት ነበር። ትናንት ቡና ላይ «ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግን በግራጫው ስቆም…» ብሎ ሲጀምር ያልታየን ነገር ታየኝ። «ኧረ ለመሆኑ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ አናወልቅም እንዴ?» አልኩት። አፉን ይዞ ቀረ፤ ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ያን ሁሉ ሳምንት የተጨቃጨቅንበት ጫማ ክርስትናው ላይ በር ላይ ነው የሚቀረው።

«ፎቶ የምንነሳው ግን ውጭ ነው» አለ ሳቁ ሲበርድለት።

ነገ ሦስት ጥንድ ነጭ የጥጥ ካልሲ ልገዛለት እወጣለሁ፤ ላስቲኩ የማያጠብቅ፣ ደም ቢነካው ቶሎ የሚታይ። ጥቁሩን ጫማ ወደ ካርቶኑ መልሼዋለሁ። ወንድሜ ቁጥሩ 42 ነው፤ ስኳርም የለበትም።