ኮምፒዩተር ሲፈርድ ይግባኝ ለማን ይባላል?

እስቲ ጉድ ስሙ! በ2012 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ኮሮና ፈተናውን አስቀረና፣ ተማሪውን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ውጤት በኮምፒዩተር ስሌት ይሰጥ ተባለ። ነሐሴ 7 ቀን ውጤቱ ሲወጣ መምህራን ከሰጡት ግምት ከመቶው 39 ያህሉ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለምን? ስሌቱ ትምህርት ቤቱ ባለፉት ዓመታት ያመጣውን ውጤት ይቆጥራላ! ደካማ ከሚባል ትምህርት ቤት የወጣ ጎበዝ ልጅ በማያውቃቸው ልጆች ጥፋት ተቀጣ። ጥቂት ተማሪ ባለበት ክፍል ግን የመምህሩ ግምት ስለጸና የግል ትምህርት ቤቶች ተጠቀሙ። ድሮስ ላለው ይጨመርለት የለ?

ልጆቹ ግን ዝም አላሉም። አደባባይ ወጡ። በአራት ቀኑ መንግሥት ስሌቱን ጣለው።

ወደ እኛ እንምጣ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና የሚሰጠው በኮምፒዩተር ነው። የተማሪው ስምም ውጤትም እዚያው ይገባል። ይግባ! ኮምፒዩተር አልጠላንም። ግን ማን ያየዋል? ስንት ዓመት ይቀመጣል? ቢሳሳትስ ማን ያርመዋል? አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ባለቤቱ የራሱን መረጃ እንዲያይና ስህተቱን እንዲያሳርም መብት ሰጥቶታል። ታዲያ በየትኛው ሬጅስትራር በር ላይ ተለጥፎ አያችሁ?

“ሲስተሙ ነው” መልስ አይደለም። ሲስተሙን የሞላው ሰው ነው፤ የሚጠየቀውም ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ሆይ፣ የምትሰበስቡትንና የምትሰጡትን በግልጽ ለጥፉ! ተማሪዎችም ጠይቁ። ጓደኛህ ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ!